የበልግ ጅራት ወይስ የክረምት ራስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአሰላ ወጣ ብሎ በጢዮ ወረዳ ነው። ስንዴ፣ የቢራ ገብስና ባቄላ አመርታለሁ። አምና ግንቦት ሊያልቅ ሲል ለተከታታይ ቀናት ዶፍ ዝናብ ጣለ። «ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ» ብዬ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ስንዴዬን ዘራሁ። አባቴ «ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ ዘርህን አትበትን» ብለውኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ስንዴው ብቅ ማለት ሲጀምር ሰማዩ ጠራ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠብታ አልወረደም። ቡቃያው ደርቆ ቀረ። ገልብጬ እንደገና የዘራሁት ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እሱም ዘግይቶ ደረሰና ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ መጣበት። ኮምባይነር ጭቃው ውስጥ አልገባ አለ፤ ስንዴው ማሳ ላይ እንደቆመ በቀለ። ገብሱንም ገዢው አይቶ መለሰብኝ። አሁን ግራ ገብቶኛል። ክረምት መግባቱን በምን ልወቅ? ማንን ልስማ፣ አባቴን ወይስ በራዲዮ የሚነገረውን ትንበያ? ወይስ አየሩ ጨርሶ ተለውጧል? ዘንድሮ ለዘር ያለኝ ያው ዝናብ የመታው ስንዴ ነው፤ ልዝራው?

(አንድ የጢዮ ወረዳ ገበሬ)

መልስ፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ የጣለልዎት ዝናብ የበልግ ነበር ብዬ አምናለሁ። የጻፉልኝ ምልክት ሁሉ ወደዚያ ያመለክታል፤ ዶፍ ሆኖ መጣ፣ ለጥቂት ቀናት ደበደበ፣ ከዚያ ሰማዩ ድንገት ጠራ። ክረምት እንዲህ አይገባም። በአርሲ ደጋ ግን ይህን መለየት ከሌላው አገር ይልቅ ከባድ ነው። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳዎት፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

በጎጃም ወይም በጎንደር ደጋ ዝናቡ በአመዛኙ አንድ ወጥ ነው። በጋው ረጅምና ደረቅ ስለሆነ ክረምቱ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃል። እናንተ ዘንድ ሁለት ዝናብ አለ፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በልጉ በአብዛኛው እርጥበቱን የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። ክረምቱ የሚገባው በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን የሚነሣው እርጥብ አየር በደቡብ ምዕራብ በኩል ሲዘልቅ፣ በሱማሌ ጠረፍ ታጥፎ የሚያልፈው ኃይለኛ ነፋስ ሲጠናከርና ከላይ ከሕንድ በኩል የሚነሣው ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ ቦታውን ሲይዝ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይገጣጠሙም። በልጉ ሊወጣ፣ ክረምቱ ገና ሊገባ ሲል፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል። በአንዳንድ ዓመት ክፍተቱ ሳይታወቅ በልጉ ከክረምቱ ጋር ይገጥማል፤ ያኔ በግንቦት ማብቂያ የዘራ ሰው ብልህ ይባላል። በሌላ ዓመት ክፍተቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይሆናል፤ ያኔ ያው ሰው እንደ እርስዎ ዘሩን ይከስራል። ግንቦት ላይ የሚጥለው ዝናብ ጅራት ይሁን ራስ፣ በዝናቡ ብዛት ብቻ አይታወቅም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ሰማዩን ይመልከቱ። የበልግ ማብቂያ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ተሰብስቦ፣ በነጎድጓድና አልፎ አልፎም በበረዶ ታጅቦ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይወርድና ይጠራል። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ ቀኑ ይሞቃል። ክረምት ሲገባ ጠዋትም ደመና ነው። የጭላሎ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ይውላል፤ የቀኑ ሙቀት በግልጽ ይቀንሳል፤ ዝናቡም ሌሊትና ቀን ሳይመርጥ ይመላለሳል። አባትዎ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከመዝራትዎ በፊት በልግና ክረምት በምን እንደሚለዩ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፤ የሚያዩትን ነፋስ፣ የሚያዩትን ተራራ፣ ከየት በኩል የሚነሣውን ደመና በስም ይነግሩዎታል።

የአየር ትንበያ ባለሙያዎች የዝናብ አጀማመርን በቁጥር ይወስኑታል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መስፈርት እንዲህ ነው፤ በሦስት ተከታታይ ቀናት በድምሩ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከዘነበ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከሳምንት ያለፈ ደረቅ ጊዜ ካልመጣ፣ ክረምቱ ገብቷል ይባላል። የደረቁ ጊዜ ገደብ እንደ አካባቢው ወደ 10 ቀን ከፍ ሊል ይችላል። የመስፈርቱን ሁለት ክፍል ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው በዕለቱ ይለካል። ሁለተኛው የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። የእርስዎ ግንቦት የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛውን ወደቀ። ወደ ፊት ያለውን 30 ቀን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎት ስለማይችል፣ ገበሬ ማድረግ ያለበት በአፈሩ ውስጥ ደረቁን ጊዜ የሚያሻግር ስንቅ እስኪከማች መጠበቅ ነው።

ይህን ስንቅ በገዛ እጅዎ ሊለኩት ይችላሉ። ከአፉ እስከ ታቹ እኩል ስፋት ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ ይፈልጉ። ከዛፍና ከቤት ራቅ ባለ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሜትር ያህል ከፍታ በእንጨት ላይ አጥብቀው ያስሩት። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የልጅዎን የትምህርት ቤት ማስመሪያ አስገብተው ውኃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደደረሰ ያንብቡና በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያ ይድፉት። ማስመሪያው ከዜሮ በፊት ባዶ ጫፍ ካለው በመጋዝ ይቁረጡት፤ አለዚያ ሁልጊዜ አሳንሰው ይጽፋሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሺህ ሊትር ይሆናል።

ከዚያ አፈሩን ይቆፍሩ። ዝናቡ ባባራ በማግስቱ፣ ከማሳው ሦስት አራት ቦታ ላይ በአካፋ ጉድጓድ ያውጡና ግድግዳውን ይመልከቱ። እርጥቡ አፈር የት ላይ እንደሚያበቃና ደረቁ የት ላይ እንደሚጀምር በቀለሙ ይለያል። በደረቀ አፈር ላይ የወረደ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ሳይጎርፍ በሙሉ ቢሰርግ እንኳ፣ መካከለኛ አፈርን የሚያርሰው አንድ ስንዝር ያህል፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። በሰኔ መጀመሪያ ፀሐይ ከቆየች፣ ከአፈሩ ገጽና ከቡቃያው በቀን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይተናል። ስሌቱን ራስዎ ይጨርሱት፤ 20 ሚሊ ሜትር በሳምንት አልቆ ያድራል። የእርስዎን ቡቃያ ያደረቀው ይኸው ነው። እኔ የምመክረው፣ እርጥበቱ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ሳይወርድ፣ ማለትም ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ፣ ስንዴ እንዳይዘሩ ነው። ከእርጥቡ ጥልቀት አንድ እፍኝ ወስደው ጨብጠው ይልቀቁት፤ ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በአውራ ጣት ሲነኩት ደግሞ ከፈረሰ፣ ለዘር ተመቻችቷል። ጣትዎ ላይ ተለጥፎ ከቀረና ካብረቀረቀ ገና ጭቃ ነው፤ በተለይ ጥቁር አፈር ከሆነ ይታገሡት።

አሁን ወደ አባትዎ ልመለስ። ሰኔ ሚካኤል፣ ሰኔ 12፣ በፈረንጆቹ ጁን 19 ላይ ይውላል። የእኛ አቆጣጠር ፀሐይን የሚከተል ስለሆነ የበዓላቱ ቀን ከወቅቱ አይላቀቅም። አባቶች ይህን ቀን የመረጡት በዘመናቸው ሁሉ ያዩትን ክረምት አማካይ ይዘው ነው፤ በአሰላ አካባቢ የበልግ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ አልፎ የሚያበቃው በዚሁ ሰሞን በመሆኑ ምክራቸው የጠነከረ ነው። የበዓሉ ቀን ሊነግራቸው የማይችለው የእያንዳንዱን ዓመት ጠባይ ብቻ ነው፤ ክረምቱ ሁለት ሳምንት የዘገየበት ዓመት ሰኔ 12ን አያውቅም። የቦታው ከፍታም ይለያያል። ከዴራ ተነሥተው በኢተያና በአሰላ አድርገው ወደ በቆጂ ሲወጡ፣ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከቆላ ጫፍ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ይደርሳሉ። በቆጂ ያለው ገበሬ ብርዱ ሰብሉን ስለሚያዘገይበት ቀድሞ መዝራት አለበት፤ የዴራው ደግሞ ዝናቡ አጭር ስለሆነ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል። የአንዱ ቀን ለሌላው አይሆንም። አሰላ በ2,400 ሜትር ግድም ላይ ሆና በመካከል ናት። ስለዚህ የአባትዎን ቀን እንደ ዝቅተኛ ገደብ ይያዙት፤ ከእሱ በፊት አይዝሩ። ከእሱ በኋላ ውሳኔውን ለአፈሩ ይስጡት።

«ታዲያ ዘግይቼ ብዘራ አይሻልም?» ብለው እንዳይደመድሙ እሰጋለሁ። አምና ሁለተኛው ዘርዎ ያመጣብዎት ጣጣ መልሱ ነው። የክረምት አገባብ ከዓመት ዓመት በጣም ይዋዥቃል፤ አወጣጡ ግን ከአገባቡ ይልቅ የተረጋጋ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የገባ ክረምት የዘገየበትን ቀን በመጨረሻ አይከፍልም፤ ያጥራል እንጂ። በ120 ቀን የሚደርስ ስንዴ ይዘው እንቁጠር። ሰኔ 20 ቢዘሩት ጥቅምት 15 ላይ ይደርሳል። አበባ የሚያወጣው በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ባለበት ነው፤ ፍሬውን የሚሞላው በመስከረም ነው። ሐምሌ 20 ቢዘሩት ደግሞ አበባው ወደ መስከረም 20ዎቹ ይገፋል፤ የሚደርሰው ኅዳር 15 ላይ ነው። ያኔ ዝናቡ እየወጣ ስለሆነ ፍሬው የሚሞላው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጥሩ አፈር ጠግቦ ከቆየ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰብሉን ያጠጣል፤ ፍሬ ለመሙላት ግን ወደ 40 ቀን ያስፈልጋል። የጎደለው በፍሬው ላይ ይታያል፤ ስንዴው የተጨማደደና ቀላል ይሆናል። ከፍ ባለው ቦታ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር የውርጭ ወራት ናቸው። በማበብ ላይ ያለ ስንዴ ወይም ገብስ አንድ ሌሊት ውርጭ ካገኘው ዛላው ነጭ ሆኖ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ የዘር ቀንዎን ከሁለት ወገን ይጠብቁት፤ ከፊት በአፈሩ እርጥበት፣ ከኋላ በውርጩና በዝናቡ መውጫ። ለአሰላ አካባቢ ስንዴ ይህ በር በአብዛኛው ዓመት ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ክፍት ነው። በሩ ጠባብ በሆነበት ዓመት ዝርያ ይለውጡ። ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት መካከል ለምሳሌ ካካባ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ዳንዳአ ይዘገያል። ከሁለቱም ዓይነት ዘር ቤትዎ ቢኖር፣ ክረምቱ በጊዜ ሲገባ ዘግይቶ የሚደርሰውንና ምርቱ የሚበዛውን፣ ሲዘገይ ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራሉ። ዝርያ ለዋግ በሽታ ያለው መቋቋም ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ፣ የዘንድሮውን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሳይጠይቁ አይግዙ። ማሳዎ ሁለት ቦታ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ባይዘሩ እመርጣለሁ፤ አሥር ቀን ያህል አራርቀው ቢዘሩ ደረቁ ጊዜ አንዱን ቢያገኝ ሌላውን ያልፈዋል። ሐምሌ ተገባዶ ገና ያልተዘራ መሬት ካለ፣ ዝቅ ባለው አካባቢ ስንዴውን ትተው ጤፍ ቢዘሩ ወይም ጥቁሩን አፈር ለመስከረም ሽምብራና ጓያ ቢያስቀሩት ይሻላል።

በአንድ ነገር ግን አዘንኩ፤ ቡቃያው ደርቋል ብለው ማሳውን ገለበጡት። ከመገልበጥዎ በፊት ይቁጠሩ። በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገመድ ይዘርጉና በውስጡ በሕይወት ያለውን ቡቃያ፣ ሥሩን እየነኩ፣ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ቅጠሉ ደርቆ ከአንገቱ በታች ነጭና ጠንካራ የሆነ ቡቃያ ዝናብ ሲያገኝ ያንሠራራል። ስንዴ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በካሬ ሜትር 100 ያህል ጤነኛ ቡቃያ ካለ፣ በአምስት ስድስት ቦታ ቆጥረው አማካዩ ይህን ከሆነ፣ ባለበት ይተዉት። ምርቱ ከተሟላ ማሳ ቢያንስም፣ ሐምሌ መጨረሻ ከሚዘራ አዲስ ስንዴ አያንስም። ዘርም ማዳበሪያም አያባክኑም። ዩሪያውንም እንዲሁ፤ በዘር ጊዜ ጥቂቱን ብቻ ሰጥተው የቀረውን ሰብሉ ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ዝናብ በተረጋጋበት ሳምንት ቢጨምሩት፣ ክረምቱ ካታለለዎት ቢያንስ ዩሪያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

በራዲዮ ስለሚነገረው ትንበያ ስጠየቅ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፤ ይስሙት፣ ግን ምን እያለ እንደሆነ ይወቁ። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ይናገራል። እንበልና ለአካባቢዎ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ቢባል፣ ይህ «ዝናብ በዝቷል፣ ዝሩ» ማለት አይደለም። በእንደዚህ ዓይነት ዓመታት ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ስለ ወቅቱ አጠቃላይ መጠን እንጂ ስለ ሰኔ ሁለተኛ ሳምንት አይናገርም። የዓመቱ ዝናብ መደበኛ ሆኖ፣ በመካከሉ ለሦስት ሳምንት ሊቋረጥ ይችላል። ቁሉምሳ በአማካይ በዓመት ከ800 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ያን ያህል ውኃ በጊዜው ቢከፋፈል ለስንዴ ይተርፋል። አርሲን የሚጎዳት ከመጠኑ ይልቅ አከፋፈሉ ነው። የወቅቱን ትንበያ ዝርያ ለመምረጥ ይጠቀሙበት፤ ለዘር ቀን ግን ኢንስቲትዩቱ በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ይከታተሉ። ይኸኛው ስለ ቅርብ ቀናት ስለሚናገር ይበልጥ ይታመናል። የግብርና ምክር በነጻ የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመርም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ያነጋግርዎታል።

በትንበያው ውስጥ «ኤል ኒኞ» የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሮዎን ይስጡ። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ የእኛን ክረምት የሚያመጣው የነፋስ ሥርዓት ይዳከማል፤ ክረምቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው። በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ድርቁ ከፍቶ፣ በእ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ መንግሥት 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። ለእናንተ አካባቢ ግን ኤል ኒኞ ሌላም ጠባይ አለው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው። ኤል ኒኞ ሲመጣ፣ በተለይም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ሲሞቅ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ዝናብ ይበዛል። አርሲ በሰሜኑ ክረምትና በደቡቡ የበጋ ዝናብ መካከል ስላለች ከሁለቱም ጉዳት ሊደርስባት ይችላል። በ1989 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ተቆራርጦ ነበር፤ በ1990 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ያልተጠበቀ ከባድ ዝናብ በአገሪቱ ብዙ ክፍል የደረሰ ሰብል ላይ ወረደ። በ2012 ጥቅምትና ኅዳርም ሕንድ ውቅያኖስ ብቻውን ሞቆ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ዝናብና ጎርፍ ሆነ። ስለዚህ የኤል ኒኞ ትንበያ ከተነገረ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይምረጡ፤ ለአጨዳም አስቀድመው ይዘጋጁ።

ደግሞም ቀድሞ የመጣና ያልተቋረጠ ዝናብ ሁሉ በረከት አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2010 በልጉም ክረምቱም መልካም ነበር፤ አየሩ ቀዝቅዞ እርጥበቱ ስለቀጠለ ቢጫ ዋግ ተስፋፋ። በአርሲና በባሌ ብዙ መሬት የያዘው ኩብሳ የተባለው ስንዴ በዚያ ዓመት ወደቀ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በእ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ የግንድ ዋግ ፈጀው። በበልግ የሚዘራ ስንዴ በአቅራቢያዎ ካለ፣ ዋጉ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ በበዛበት ክረምት ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን እየገለበጡ ይመልከቱ፤ በመዳፍዎ ሲያሹት ቢጫ ዱቄት ካስቀረ ጊዜ ሳይሰጡት ይርጩት።

አየሩ ጨርሶ ተለውጧል ወይ ላሉኝ፦ ሙቀቱ መጨመሩ በመለኪያ የተረጋገጠ ነው፤ ሌሊቶቹም ጭምር ሞቀዋል። በልጉ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ካለፉት አሠርት ዓመታት ወዲህ እየሳሳ ነው፤ የበልግ ገብስ የሚዘሩ የደጋ ጎረቤቶቻችሁ ይህን በደንብ ያውቁታል፤ በልግ ሲጠፋ በሬዎችም ሣር አጥተው ለሰኔ እርሻ ከስተው ይደርሳሉ። የክረምቱ አገባብ መዋዠቅ ግን ዛሬ የመጣ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1967 የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ሥራ ሲጀምርም ገበሬው የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ «ዘመኑ ተበላሽቷል» ብለው የአባትዎንም የእኔንም ምክር አይተዉት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ዘሩ ነው። ገብሱ የተመለሰብዎት ብቅል የሚሠራው ገብሱን አርሶ በማብቀል ስለሆነ ነው፤ ማሳ ላይ የበቀለ ገብስ ፋብሪካ ውስጥ ድጋሚ አይበቅልም። ለከብት መኖና ለቤት ፍጆታ እንጂ ለዚያ ዓላማ አልቆለታል። ስንዴው ላይ ግን ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ ሁሉም ፍሬ እኩል አልተጎዳም። ከጆንያው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ጥቂት ጥቂት ወስደው ይደባልቁ፤ የበቀለውን፣ የጠቆረውንና የተጨማደደውን ሳይመርጡ 100 ፍሬ ይቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ውኃ ይርጩበት። በስምንተኛው ቀን ፈትተው፣ ሥርም ቅጠልም አስተካክሎ ያወጣውን ብቻ ይቁጠሩ። አንድ ሙከራ ሊያሳስት ስለሚችል ከየጆንያው እንዲሁ ደጋግመው ይሞክሩ። ከ85 በላይ ከሆነ ይዝሩት። በ70ና በ85 መካከል ከሆነ የሚበትኑትን ዘር በዚያው ልክ ይጨምሩ፤ በሄክታር 150 ኪሎ ይዘሩ ከነበረ ወደ 180 ኪሎ ያድርሱት። ከ70 በታች ከሆነ ለዱቄት ያውሉትና ዘር ከማኅበር ወይም ከታመነ ጎረቤት ይግዙ፤ ይህንን ሙከራ ደግሞ እስከ ግንቦት አያቆዩት፤ የዘር ዋጋ ሳይንር፣ በሚያዝያ ይሞክሩት።